የዓይን ሕክምና ተማሪዎችን በመጠይቅ ስለማበጠር፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን በዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጽሑፉ የሚነሣው ሁላችንም ከምናውቀው እውነት ነው፤ የዓይን ሐኪሞችና ኦፕቶሜትሪስቶች (እይታን የሚለኩና መነጽር የሚያዝዙ ባለሙያዎች) በአዲስ አበባና በጥቂት የክልል ከተሞች ተሰባስበው ሳለ፣ ዓይኑን የሚታመመው ሕዝብ በብዛት የሚኖረው በገጠር ነው። ጸሐፊው ለዚህ መፍትሔ ብለው የሚያቀርቡት፣ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት የትውልድ ቦታቸውን፣ ውጤታቸውን፣ ጾታቸውንና በመጠይቅ የሚሰጡትን መልስ አንድ ላይ ደምሮ፣ ከተመረቁ በኋላ ገጠር የሚሠሩትን አስቀድሞ መለየትና ቦታውን ለእነርሱ ማስቀደም ነው። መከራከሪያዎቻቸው አምስት ናቸው፦ የገጠር ልጅ ወደ ገጠር ይመለሳል፤ ተማሪው በአንደኛ ዓመት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የወደፊት ምርጫውን ያሳያል፤ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውና ሴቶች በገጠር አይቆዩም፤ ዕጣና የግዴታ አገልግሎት ተሞክረው አልተሳኩም፤ በመጨረሻም መለየት ከደመወዝ ጭማሪና ከመሣሪያ ግዢ ይልቅ ርካሽ ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ጉዳዩ አሳስቧቸው እንደጻፉት ግን ከአጻጻፋቸው ይታያል። እኔም ኦፕቶሜትሪስት ስሆን፣ ጥቂት ዓመታት በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ሠርቼ ወደ ከተማ የተመለስሁ ነኝ። በእርሳቸው ሚዛን ብመዘን «ይቆያል» ተብዬ ተመርጬ «ያልቆየ» ሆኜ የምገኝ ሰው መሆኔን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። በገጠር ያደገ ባለሙያ በገጠር የመሥራት ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል የሚያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎችን በልዩ ሁኔታ ተቀብሎ ማስተማርን ከምክሮቹ መጀመሪያ አስቀምጦታል። በዚያው ዓመት ታትሞ የወጣ በሩዋንዳና በኢትዮጵያ የጤና ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ በገጠር ያደጉና ድኻን መርዳት ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው የሚሉ ተማሪዎች በገጠር ለመሥራት ይበልጥ ፈቃደኞች መሆናቸውን አሳይቷል። ጸሐፊው አብዝተው የጠቀሱት የፊላደልፊያው ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ታሪክም እውነት ነው፤ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የገጠር ልጆችን ለብቻ እየተቀበለ ያስተማረበት ፕሮግራም ተመራቂዎች ከፔንሲልቬኒያ ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመራቂዎች 1 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በግዛቱ ገጠር ከሚሠሩት የቤተሰብ ሐኪሞች ግን 21 በመቶ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ይህን ያህል ውጤት የሚንቅ ሰው የለም።

ነገር ግን ጸሐፊው ይህን ውጤት ሲጠቅሱ ግማሹን ታሪክ ትተውታል። በዚያ ፕሮግራም የሚገቡት ተማሪዎች «ገጠር ሄጄ የቤተሰብ ሐኪም እሆናለሁ» ብለው በራሳቸው ፈቃድ ያመለከቱ ናቸው፤ ከገቡም በኋላ አማካሪ መምህር ይመደብላቸው፣ የተግባር ልምምዳቸውን በገጠር ያደርጉ፣ መጠነኛ የገንዘብ ድጋፍም ያገኙ ነበር። ከውጤቱ ምን ያህሉ በመመረጣቸው፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከተመረጡ በኋላ በተደረገላቸው ነገር እንደመጣ ለይቶ መናገር ያዳግታል። ጸሐፊው ምርጫውን ይዘው ሌላውን ሁሉ ጥለው የዚያኑ ያህል ውጤት መጠበቃቸው፣ እርሻውን ሳያርሱ በምርጥ ዘር ብቻ ጥሩ አዝመራ እንደመጠበቅ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን «ገጠር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በፔንሲልቬኒያ የሕክምና ተማሪዎች መካከል የገጠር ልጅ ጥቂት ስለሆነ ምልክቱ ይለያል። በእኛ ሀገር ግን ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ገብቶ «ከገጠር የመጣችሁ እጅ አውጡ» የሚል መምህር ከክፍሉ ብዙውን እጅ ተነሥቶ ያየዋል። ብዙዎች የሚጋሩት ምልክት ደግሞ ለማበጠር አይመችም።

እጁን ያወጣውን ተማሪም ቀረብ ብለን እንየው። ከአንድ የገጠር ቀበሌ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ እዚያው ተምሮ፣ ከዚያ ወረዳው ከተማ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቡ ዘንድ እየተመላለሰ ስንቁን ይዞ ተምሯል። መሰናዶን በዞኑ ከተማ ጨርሷል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የከተማ ኑሮ የለመደ፣ ቀበሌውን ለበዓል ብቻ የሚያይ ወጣት ነው። በቅጹ ላይ «የትውልድ ቦታ፦ ገጠር» ይላል። ከእርሱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ አባቷ የወረዳ መምህር፣ እናቷ የጤና ጣቢያ ነርስ ሆነው፣ ከተወለደች ጀምሮ ከወረዳ ወደ ወረዳ እየተዛወረች ያደገች ናት፤ መብራት ሳምንት ሲጠፋ፣ የመድኃኒት መኪና ሲዘገይ፣ ክረምት መንገድ ሲቆርጥ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። የተወለደችበት የወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ስላለው ግን በቅጹ ላይ «ከተማ» ተብላለች። የጸሐፊው መለኪያ የመጀመሪያውን ያስገባዋል፣ ሁለተኛዋን ያስወጣታል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት የማውቀውን ልጨምር። የገጠር ቤተሰብ ልጁን ሲያስተምር በሬ ሸጦ፣ ወይም የእኅቶቹን ተራ አዘግይቶ ነው። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚጠበቅበትም ወደ ቀበሌው መመለስ ሳይሆን ታናናሾቹን ወደ ከተማ ስቦ ማስተማር ነው። እኔ ወረዳ ላይ ስሠራ ሁለት ታናናሾቼ የዞን ከተማ ተከራይተው ይማሩ ነበር፤ ደመወዜ ለሁለት ቤት ኪራይ አይበቃም ነበር። «ተምሮ ተምሮ እዚሁ ተመለሰ» የሚለውን የጎረቤት ንግግር የሰማ ሰው፣ የገጠር ልጅነት አንዳንዴ ወደ ገጠር የሚስብ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከገጠር የሚገፋ ኃይል እንደሆነ ይረዳል። ጸሐፊው የሳበውን ብቻ ቆጥረዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ከአምስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ጸሐፊው የአንድ ክፍል ተማሪዎችን «ከተመረቃችሁ በኋላ በገጠር ለመሥራት ታስባላችሁ ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ «አዎን» ካሉት አብዛኞቹ የገጠር ልጆች መሆናቸውን እንደ ማረጋገጫ ያቀርባሉ። በዚህ የተለካው አሳብ ነው። የተማሪው አሳብ ሐሰት ነው አልልም፤ ሲናገረው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ማንን እንደሚያገባ፣ የትዳር ጓደኛው የት ሥራ እንደሚያገኝ፣ እናቱ ታማ ከማን ጋር እንደምትኖር ገና አያውቅም። ከላይ የጠቀስሁት የሩዋንዳና የኢትዮጵያ ጥናት እንኳ የለካው ተማሪው በገጠር ለመሥራት ዝቅተኛ ብሎ የሚቀበለውን ደመወዝ እንጂ በኋላ የሠራበትን ቦታ አይደለም፤ ለፖሊሲ አውጪ ይህ ጠቃሚ ነው፣ በአንድ ልጅ ስም ፊት ምልክት ለማድረግ ግን አይበቃም።

የቁጥሩን ነገር ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም። ለምሳሌ ያህል 200 አመልካቾች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም በእውነት በገጠር የሚቆዩት 30 ናቸው። መጠይቁ ጎበዝ ነው እንበልና፣ ከሚቆዩት 70 በመቶውን፣ ከማይቆዩትም 70 በመቶውን በትክክል ይለያል። ይህ በሰው ጠባይ ላይ ለሚሠራ መለኪያ ደህና ውጤት ነው። አሁን እንቁጠር። ከ30ዎቹ 21ዱን ያገኛል፣ 9ኙን ይጥላል። ከቀሩት 170 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 51ዱን በስሕተት «ይቆያሉ» ይላቸዋል። ስለዚህ «ይቆያሉ» ከተባሉት 72 ተማሪዎች በእውነት የሚቆዩት 21 ናቸው፤ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፣ ሒሳቡ ግን የማንም አይደለም፤ የሚፈለገው ሰው በክፍሉ ውስጥ ጥቂት በሆነ ቁጥር መለኪያው የሚስተው ይበዛል። በስሕተት ከተጣሉት 9 አንዱ የሆነ ልጅ የሚወደውን ሙያ ሲያጣ፣ ለማን አቤት ይላል?

መጠይቁ ቦታ የሚያስገኝ ከሆነ ደግሞ መልሱ መልስ መሆኑ ይቀራል። ለጥናት የሚሞላ ቅጽና ለመግቢያ የሚሞላ ቅጽ አንድ አይደሉም። ምን ዓይነት መልስ እንደሚያስገባ በተማሪዎች ዘንድ ለመታወቅ አንድ ዓመት አይፈጅም፤ «ከዚህ ቀበሌ የተወለደ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤም በሀገራችን እንዴት እንደሚገኝ ለጸሐፊው መንገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም ስለ ውጤትና ስለ ሴቶች የተባለው፣ በአጭሩ ሊመለስ ይችላል። ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ከገጠር ስለሚሄዱ መግቢያውን ዝቅ እናድርግ የሚለው አሳብ፣ የሚመረጥበት ሰፊ መስክ እንዳለ አድርጎ ያስባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከዚህ ብዙም አልተለየም፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ እንደነበሩም በይፋ ተነግሯል። የገጠሩ ልጅ ወደ ዓይን ሕክምና ክፍል የማይደርሰው በር ላይ በመጠይቅ ስላልተለየ ሳይሆን፣ ከበሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ላቦራቶሪና የፊዚክስ መምህር በሌለው ትምህርት ቤት ስለቀረ ነው። ጸሐፊው የገጠር ልጆች ይብዙ ካሉ ትግሉ እዚያ ነው፤ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተማሪዎች ይደረግ የነበረው የመግቢያ ነጥብ ማስተካከያም እንደ መነሻ ሊታይ ይችላል።

ስለ ሴቶች የጻፉትን ግን ባይጽፉት ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ በገጠሩ ክፍል ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከዚያው አካባቢ ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ጤና ኬላ ተሠርቶላቸው፣ በመንግሥት ደመወዝ ሥራ ጀመሩ። «ሴት በገጠር አትቆይም» የሚለውን አባባል የሚፈርድበት ይህ ነው። በተጨማሪም ትራኮማ ደጋግሞ አጥቅቷቸው ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የሚታጠፍባቸው ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው፤ ልጆችን የሚንከባከቡት እነርሱ በመሆናቸው ኢንፌክሽኑ ደጋግሞ ይይዛቸዋል። እናቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ሲቆዩ፣ ለሴት ባለሙያ ዓይናቸውን ማሳየት ለብዙዎቹ እንደሚቀል በሥራ ላይ ያየሁት ነው። እንግዲህ ሴት ተማሪዎችን በነጥብ ወደ ኋላ የሚያስቀር መለኪያ ለማን ይጠቅማል?

አራተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ ሐኪሞች በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በኩል ዕጣ እያወጡ ወደየክልሉ ይመደቡ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃቸውም የግዴታ አገልግሎታቸውን እስኪጨርሱ ይያዝ ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅ ብዙዎቹ ሄዱ። ከዚህ ተነሥተው «ያልፈለገን ሰው ማቆየት አይቻልም፣ ስለዚህ የሚፈልገውን እንምረጥ» ይላሉ። ከመነሻው እስከ መደምደሚያው ያለው መንገድ ግን እሳቸው እንዳሉት ቀጥ ያለ አይደለም። የጃፓኑ ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲመሠረት ከየአውራጃው ጥቂት ጥቂት ተማሪ ተቀብሎ፣ የትምህርት ወጪውን ሸፍኖ፣ ተመራቂው አብዛኛውን ጊዜ ለ9 ዓመት ወደ መጣበት አውራጃ ተመልሶ እንዲያገለግል ውል አስገባ። ይህም ግዴታ ነው። ልዩነቱ ተማሪው ሲገባ የሚያውቀው ውል መሆኑ፣ የሚጠብቀው ቦታም አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ዕጣው በእኛ ዘንድ ያልተሳካው ሰዎቹን ሳይመርጥ ስለላከ ነው ወይስ የላከበት ቦታ ባዶ ስለነበረ? ጸሐፊው የመጀመሪያውን ያለ ማስረጃ ወስደውታል።

እኔ የተመደብሁበት የወረዳ ሆስፒታል ስደርስ የዓይን ክፍል የሚባል ቤት ነበር። ስሊት ላምፑ፣ ማለትም ዓይንን በብርሃን አጉልቶ የሚያሳየው መመርመሪያ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ቆሞ ነበር፤ አምፖሉን ለማስመጣት የተጻፈው ደብዳቤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ፈርሞበት ፋይል ውስጥ ተኝቷል። የሌንስ መመርመሪያው ሳጥን ግማሹ ሌንስ ጎድሎታል፤ በተለይ ለአስቲግማቲዝም፣ የዓይኑ ፊት እኩል ባለመጉበጡ ለሚመጣው ብዥታ፣ የሚያስፈልጉት አልነበሩም። ሬቲኖስኮፕ፣ የመነጽር ልክ የሚገኝበትን የብርሃን መሣሪያ፣ የያዝሁት የራሴን ነው። ያም ሆኖ ሰው መጣ። የሚያነብ መምህር፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው ልብስ ሰፊ፣ ሰሌዳ የማይታያት የስድስተኛ ክፍል ልጅ። መርምሬ የመነጽር ማዘዣ እጽፋለሁ፤ መነጽሩ የሚሠራው ግን በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። መሄጃው ከመነጽሩ ይበልጥ ያወጣል። ከወራት በኋላ ያቺው ልጅ ያቺኑ ማዘዣ አጣጥፋ ይዛ ስትመለስ ምን ብዬ እንደመለስሁላት አሁን ለመጻፍ አልደፍርም። ኋላም የሰው እጥረት አለ ተብሎ ከሳምንቱ ሦስት ቀን በተመላላሽ ክፍል ትኩሳትና ደም ግፊት ስለካ ዋልሁ። እንግዲህ መጠይቁ ስለ እኔ «ይቆያል» ቢል ትክክል ነበር፤ ፈልጌ ነው የሄድሁት። የለቀቅሁት የተማርሁትን የማልሠራበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ብሶት ነው ከተባለ፣ በኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ሥራ አለ። ባለሙያዎቹ በደመወዝ፣ በቤት፣ በመሣሪያና በመሳሰሉት የሚለያዩ የሥራ ቦታዎች ቀርበውላቸው እንዲያማርጡ ተደረገ። ከዋና ከተማው ውጭ የሚከፈለው ደመወዝ እጥፍ ቢሆን፣ ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆኑት ሐኪሞች ከ7 በመቶ ገደማ ወደ 50 በመቶ በላይ እንደሚያድጉ፣ ጥሩ ቤት ብቻ ቢሰጣቸው እንኳ ወደ 27 በመቶ እንደሚደርሱ አሳየ። ለነርሶች ደግሞ ከደመወዝ ቀጥሎ ይበልጥ የሳባቸው የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ነበር። ይህም የተለካው በቀረበላቸው ምርጫ ነው፤ ስለ አሳብ መለኪያ ከላይ ያልሁት ለእርሱም ይሠራል፤ ሚዛኔን ለራሴ ሲሆን ብቻ ልቀይረው አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ያው ሰው፣ ትውልዱ ሳይለወጥ፣ ቦታው ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል። ጸሐፊው የተማሪው ቋሚ ጠባይ አድርገው ያዩት ነገር ግማሹ የቦታው ጠባይ ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር መጥቷል። ጸሐፊው የጻፉት ባለሙያ ከገጠር ስለሚሸሽበት ዘመን ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ሐኪሞችን ጨምሮ ብዙ የጤና ተመራቂዎች ሥራ አጥተው ሲንከራተቱ አይተናል። የክልልና የወረዳ ጤና ቢሮ የሚያንኳኳ ተመራቂ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «በጀት የለም፣ መደቡ አልተፈቀደም።» ወረዳ ሄጄ ልሥራ ብሎ ማመልከቻ ይዞ የሚዞር ኦፕቶሜትሪስት ባለበት ሀገር፣ ማን ገጠርን እንደሚመርጥ የሚተነብይ መለኪያ መሥራት፣ ያልቀረበን ማዕድ ማን እንደሚበላ መገመት ነው።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጸሐፊው የረሱት አንድ ወገን አለ። በገጠር ዓይን የሚያክመው በብዛት በዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ተማሪ የነበረ ሰው አይደለም። የታጠፈ ሽፋሽፍት የሚያስተካክለውን ቀዶ ሕክምና በጤና ጣቢያ የሚሠሩት፣ እዚያው ሲያገለግሉ የነበሩና ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። የዓይን ሞራ የሚያወጡ መካከለኛ ባለሙያዎችም ብዙዎቹ በሥራ ላይ ከነበሩ ሰዎች ተመርጠው የሠለጠኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዓይነ ስውርነት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ሆኖ ሲገኝ፣ የዚህ ግማሽ ያህሉ ምክንያት ሞራ ነበር፤ የትራኮማ ጫናም ከዓለም ሀገሮች ሁሉ በእኛ ይበረታል። ይህን ሸክም የተሸከሙት ሰዎች በመተንበይ የተገኙ አይደሉም፤ ቆይተው ታይተው ነው የሠለጠኑት። አንድ ሰው በወረዳ ስድስት ዓመት መቆየቱን ከሚያሳይ የሥራ ልምድ የተሻለ መጠይቅ እኔ አላውቅም።

የቀረው አምስተኛው ነጥብ፣ መለየት ርካሽ ነው የሚለው ነው። ቅጹን ማሳተም ርካሽ መሆኑን አልክድም። ውድ የሚሆነው፣ ቅጹ ከታተመ በኋላ ሥራው ተሠርቷል ተብሎ አምፖሉ ሳይገዛ ሲቀር ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሁሉም ነገር በመግቢያው ቀን ተወስኖ ያለቀ ከሆነ የዓመታት ትምህርት ምን ይሠራል? ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ለማሠልጠን ነበር፤ ከዋና ከተማው ርቆ የተተከለውም ለዚህ ነው። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ ከተማ ሰንብተው የሚሠሩበት ልምምድም ከዚያው ወጥቶ እስካሁን አለ። በዚያ ያለፈ ተማሪ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ትውልዱን ብቻ ማየት አይበቃም። አንዳንዱ «ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይመለሳል፤ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ግን ከቡድኗ ሁሉ ይበልጥ ወድዳው፣ የስንብት ቡና ሲፈላ ስታለቅስ አይቻለሁ። የት እንደደረሰች ስለማላውቅ ማስረጃ አድርጌ አላቀርባትም፤ በጸሐፊው ቅጽ ግን መጀመሪያውኑ አትገባም ነበር።

በጎንደርና በሐዋሳ ኦፕቶሜትሪ የተማሩ ልጆች ዛሬ በየቦታው አሉ፤ ስልካቸውም በየክፍል ጓደኛቸው ዘንድ ይገኛል። ጸሐፊው መጠይቁን የሞሉላቸው ተማሪዎች ሲመረቁ፣ እያንዳንዳቸውን ፈልገው አራት ነገር ቢጽፉልን እለምናቸዋለሁ፦ በአንደኛ ዓመት ምን ብለው ነበር፣ ሲመረቁ የትኛው ወረዳ መደብ ከፍቶላቸው ነበር፣ በዚያ ቦታ ምን መሣሪያ አገኙ፣ ስንት ወር ቆዩ። መደብና መሣሪያ እኩል በነበረባቸው ቦታዎች መካከል እንኳ የአንደኛ ዓመቱ መልስ የቆዩትን ካልቆዩት የሚለይ ሆኖ ከተገኘ፣ በሁለተኛው ነጥብ ላይ የጻፍሁትን በዚሁ መንገድ ጽፌ እመልሳለሁ። ከገጠር የተመለስነውንም ይጠይቁን፤ እኔ ቅጹን ለመሙላት ፈቃደኛ ነኝ።